በሩቅ ጫካ የቱን መንገድ ልያዝ? ሸንተረር፣ ወንዝ ዳር፣ የድሮ የመኪና መንገድ ወይስ አቋራጭ

ካርታው ላይ ሦስት መስመር አለ። አንዱ ሸንተረሩን ይዞ ይሄዳል። አንዱ ወንዙን ተከትሎ ይጠማዘዛል። ሦስተኛው ሰፋ ያለ ነው፤ ድሮ ግንድ የሚጭኑ መኪኖች ይመላለሱበት የነበረ መንገድ። ካርታው ላይ የሌለ አራተኛም አለ። ሁልጊዜ አንድ ሰው በጣቱ እያሳየ «በዚህ ብትሄዱ ግማሽ ሰዓት ይቆርጥላችኋል» የሚለው አቋራጭ። አራቱም የሚያደርሱት እዚያው ነው። ታዲያ የቱ ይሻላል?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ርቀቱን ነው። ቀጥሎ እይታውን፣ ለፎቶ። እኔም ረጅም ጊዜ እንደዚያው ነበርኩ። አሁን የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ መሃል ላይ ሐሳቤን ብቀይር መመለስ እችላለሁ ወይ? ዳገት ያደክማል፣ ጭቃ ያበሳጫል፣ ሁለቱም ያልፋሉ። የሚያስፈራው ወደ ፊትም ወደ ኋላም የማያስኬድ ቦታ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ መገኘት ነው።

ሩቅ ጫካ ስል የኪሎ ሜትር ጉዳይ አይደለም። ቁርጭምጭሚቴ ቢዞር ሰው እኔ ጋ የሚደርሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ ወይም በማግስቱ ከሆነ፣ ያ ጫካ ለእኔ ሩቅ ነው።

## መመዘኛዎቹ

መመለሻ። መንገዱን ጠዋት በሄድኩበት ሁኔታ ማታ አገኘዋለሁ? መሃል ላይ ወደ ሌላ መንገድ የሚያወጣ መገንጠያ አለው? ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይህን ነው።

የዱካው መታየት። ምልክት ወይም ጥርጊያ አለው? ደግሞ ምልክቱ ከሁለቱም አቅጣጫ ይታያል? ዛፍ ላይ የተቀባ ቀለም አንዳንዴ በአንድ ወገን ብቻ ነው። ስትሄዱ ያያችሁት ስትመለሱ የለም። በየመታጠፊያው ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን እዩት። ያው መንገድ ከኋላ ሲታይ ሌላ አገር ነው የሚመስለው።

ውሃ። ለመጠጥ የሚሆን አለ ወይ? ስንት ጊዜስ መሻገር ይጠይቃል? የመጀመሪያው ብርቅ የሆነበት መንገድ ላይ ሁለተኛው አያሳስብም፤ የዚህም ግልባጭ እውነት ነው።

ከላይ ያለው። የደረቀ ዛፍ፣ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ፣ መብረቅ፣ ከገደል የሚወርድ ድንጋይ።

ሰዓት። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣት ስሌት ዛሬም ትሠራለች። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። 15 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ በዚህ ስሌት 4 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው፣ ለደህና መንገድ፣ ያለ እረፍት ነው። ግንድ እየተዘለለ፣ ጥሻ እየተገለጠ በሚኬድበት ጫካ እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁ። 4 ሰዓት ተኩሉ ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል።

እርዳታ። ከዚያ ቦታ ድምፅ ይሰማል? ኔትወርክ የመያዝ ዕድል አለ? ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ሊገቡበት ይችላሉ?

## የሸንተረሩ መንገድ

ሸንተረር ላይ ያለ ሰው የት እንዳለ ያውቃል። ግራና ቀኙ ቁልቁለት ነው፤ መሬቱ ራሱ መስመር ይሠራለታል። ዝናብ ቢዘንብ ውሃው ወደ ጎን ስለሚወርድ ጭቃው ቶሎ ይደርቃል። ወንዝ መሻገር የለም። ስልክ በጫካው ውስጥ የሆነ ቦታ ኔትወርክ የሚይዝ ከሆነ፣ ዕድሉ የሚሻለው እዚህ ነው።

ችግሩ ሰማይ ሲጠቁር ይመጣል። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ቁጠሩ። ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በፊት ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ከአፋፉ መውረድ ያለባችሁ ያኔ ነው። ብቻውን ከቆመ ረጅም ዛፍ ራቁ። ቡድን ከሆናችሁ ተራርቃችሁ ቆዩ። ወደ ላይ የምትመለሱት የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ብርዱንም አትርሱ፤ በአማካይ 1000 ሜትር ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። ነፋሱ ሲጨመርበት ከዚህ ይብሳል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። ሸንተረር ስትወጡ አትጠፉም፤ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ይሰበሰባሉ። ስትወርዱ ግን ይበታተናሉ። ጭጋግ ከመጣ ከዋናው ሸንተረር ሳታውቁት ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ትገባላችሁ። መንገዱም ለተወሰነ ጊዜ ትክክል ይመስላል። ስትነቁ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ናችሁ። ስለዚህ ወደ ላይ ስትወጡ በየመገናኛው ቆም ብላችሁ በኮምፓስ የመመለሻውን አቅጣጫ ያዙ፤ ጻፉት።

የመጠጥ ውሃውን ከታች ሞልታችሁ መውጣት ግዴታ ነው።

## የወንዝ ዳሩ መንገድ

ለጀማሪ ደግ የሚመስለው ይህ ነው። ለጥ ያለ፣ ጥላ ያለው፣ ውሃው አጠገብ። ደረቅ ወቅት ላይ እውነትም ደግ ነው። ዝናብ ባለበት ወቅት ግን ከአራቱ ሁሉ በጣም የምጠነቀቀው ይህን ነው፤ ምክንያቱ መመለሻውን ውሃው ስለሚወስደው።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ጅረት ተሻገርኩ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥኩ ነው ያለፍኩት። እኔ ባለሁበት ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ድንጋዮቹ የሉም። ውሃው ቡና መስሏል፤ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይወርዳል። ከውስጡ ደግሞ ድብ ድብ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፣ ድምፁ ወለሉ ላይ የሚንከባለሉት ድንጋዮች ነበር። ዝናቡ የዘነበው ከላይ፣ እኔ በማላየው ተራራ ላይ ነው። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ዳር ላይ እንጨት ተከልኩና ውሃው ከፍ ይበል ዝቅ ይበል በየጊዜው አየሁ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ቤት የገባሁት በጨለማ ነው፤ ሳልረጥብ ግን።

ወራጅ ውሃ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ከጉልበታችሁ ቁመት በላይ የሆነና የሚፈጥን ውሃ ውስጥ አትግቡ። ግድ መሻገር ካለባችሁ ጠባቡን ሳይሆን ሰፊውን ቦታ ምረጡ፤ ሰፊ ሲሆን ጥልቀቱም ፍጥነቱም ይቀንሳል። የቦርሳውን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ፤ ከወደቃችሁ ቶሎ ልትጥሉት ይገባል። ፊታችሁን ወደ ላይኛው ፍሰት አዙሩ፣ ምርኩዝ ያዙ፣ በአንድ ጊዜ አንድ እግር ብቻ አንሱ። ከመሻገሪያው በታች የወደቀ ዛፍ ካለ እዚያ ጋ በፍጹም አትሻገሩ። ውሃ በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፤ ሰው ግን ይያዛል።

«ከጠፋህ ወንዝ ተከተል፣ ሰው ጋ ያደርስሃል» የሚባለውን ምክር ሁላችንም ሰምተናል። እኔ አልወደውም። ወንዝ ቁልቁል ሲሄድ ፏፏቴ ላይ ይደርሳል፣ ገደል መሃል ይገባል። ዳሩም ብዙ ጊዜ የጫካው ጥቅጥቅ ያለው ክፍል ነው። የውሃው ጩኸት ደግሞ ጥሪያችሁን ይውጠዋል። ፈላጊ ሃምሳ ሜትር ላይ ቆሞ ላይሰማችሁ ይችላል።

ስለ መጠጥ ውሃው አንድ ነገር ብቻ። ጥርት ያለ ሁሉ ንጹህ አይደለም። ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይፍላ፤ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ ሦስት ደቂቃ።

## የድሮው የመኪና መንገድ

ይህ መንገድ አታላይ ነው። መጀመሪያው ላይ ልብ ያሳርፋል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል። መኪና እንዲወጣው የተሠራ ስለሆነ ዳገቱ ለዘብ ያለ ነው። ካርታውም ላይ ደማቅ መስመር አለው። ግን ካርታው የተሠራው መቼ ነው? መኪናው መሄድ ካቆመስ ስንት ጊዜው ነው?

ጫካ የተከፈተ ቦታ ይወዳል። ፀሐይ የሚያገኘው ያ ባዶ መሬት ጥቂት ዓመት ከተተወ እሾህና ቁጥቋጦ ይሞላዋል። ብዙ ጊዜ ከዋናው ጫካ ይልቅ ለመግባት የሚያስቸግረው እሱ ይሆናል። የእንጨት ድልድዮቹ ከላይ ደህና መስለው ከውስጥ ይበሰብሳሉ። ከመንገዱ ስር የተቀበሩት የውሃ ቱቦዎች ሲደፈኑ ውሃው መንገዱን ራሱን ቆርሶ ይሄዳል።

ሌላው ጉዳይ ቅርንጫፎቹ ናቸው። እንዲህ ያለ መንገድ የተሠራው ግንድ ለማውጣት እንጂ ሰው ከቦታ ቦታ ለማድረስ አይደለም። ስለዚህ ግራና ቀኝ ይገነጠላል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ግንድ የተጫነበት ቦታ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ሰፊውን ተከትላችሁ ሄዳችሁ ሄዳችሁ ጥሻ ላይ ትቆማላችሁ።

እኔን ያሳሳተኝ ከዚህም ያነሰ ነገር ነው። መንገዱ ላይ ትልቅ ዛፍ ወድቋል። ግንዱ ደረቴ ድረስ ይደርሳል፤ እርጥብና ሙልጭልጭ ያለ ነው፤ ቅርፊቱ በእጄ እየተላጠ ይቀራል። ልዘለው ሞከርኩ፣ አልሆነም። በሥሩ በኩል ዞርኩ። ሥሩ ተነቅሎ ጉድጓድ ስለሠራ ራቅ ብዬ ነው የዞርኩት። ከዚያ ወዲያ ማዶ ላይ አንድ ጥርት ያለ ቀጭን መንገድ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄድኩ በኋላ መንገዱ ወገቤ ቁመት ላይ ባለ ሐረግ ስር ገባ። የቆምኩት ያኔ ነው። በሐረጉ ስር የሚያልፍ ሰው የለም፤ እንስሳ ነው። ዋናው መንገድ ከወደቀው ዛፍ ማዶ ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ እኔ ጥሎብኝ የእንስሳ ዱካ ይዣለሁ።

ከዚያ ወዲህ እንቅፋት በዞርኩ ቁጥር ዝም ብዬ አላልፍም፤ መጀመሪያ ከግንዱ ማዶ መንገዱን አገኘዋለሁ፣ እግሬ እሱ ላይ ሲያርፍ ብቻ እቀጥላለሁ።

እንዲያም ሆኖ ይህ መንገድ አሁንም የሚጠረግ ከሆነ ለእርዳታ ከሁሉም ይሻላል። ቃሬዛ ያስገባል፤ አንዳንዴ መኪናም። ስለዚህ ውሳኔው የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ በቅርቡ የሄደበት ሰው አለ? ካላገኛችሁ እንደ ተዘጋ ቁጠሩት።

## አቋራጩ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። የእንስሳት ዱካ ወደ ውሃ፣ ወደ ግጦሽ፣ ወደ መኝታ ይሄዳል። እናንተ የምትሄዱበትን አያውቅም። ያሳያችሁ ሰው ሊያታልላችሁ ብሎ አይደለም፤ ለእሱ እውነትም ግማሽ ሰዓት ነው። እያንዳንዱን ዛፍ ያውቃላ። እሱ አብሯችሁ ከሄደ ነገሩ ሌላ ነው። ካልሄደ ግን ተዉት።

ከመንገድ መውጣት ብዙ እንዲያስከፍል ከመንገዱ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ሜይን ውስጥ አፓላቺያን በሚባለው ረጅም የእግር መንገድ ላይ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያለች ተጓዥ ለመጸዳዳት ከመንገዱ ወጣ አለች። ወራት የተጓዘች ሰው ናት፣ ጀማሪ አልነበረችም። ተመልሳ መንገዱን አላገኘችውም። በስልኳ መልእክት ጻፈች፤ ኔትወርክ ስላልነበረ አልሄደም። ቢያንስ 26 ቀን በሕይወት ቆይታለች። አስከሬኗ የተገኘው በ2015 ነው፣ ከመንገዱ 3 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት።

ወጣ ማለት ካለባችሁ ቦርሳችሁን ወይም ደማቅ ልብስ መንገዱ ላይ አንጠልጥሉ፤ እሱ እስከሚታያችሁ ድረስ ብቻ ራቁ። አብሯችሁ ሰው ካለ ንገሩት።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| መመዘኛ | ሸንተረር | ወንዝ ዳር | የድሮ የመኪና መንገድ | አቋራጭ |
|---|---|---|---|---|
| መመለሻ | ጥሩ፤ በጭጋግ ያሳስታል | በደረቅ ወቅት ጥሩ፣ በዝናብ ይዘጋል | ከተጠረገ ጥሩ | የለም ማለት ይቀላል |
| የዱካው መታየት | መሬቱ ራሱ ይመራል | መካከለኛ፤ ጎርፍ ያጠፋዋል | መጀመሪያው ላይ ግልጽ፣ ወደ ውስጥ አጠራጣሪ | ደካማ |
| የመጠጥ ውሃ | የለም | ሞልቷል፣ ይፈላ | አልፎ አልፎ | በዕድል |
| ዋናው አደጋ | መብረቅ፣ ነፋስ፣ ብርድ | ደራሽ ውሃ | የበሰበሰ ድልድይ፣ መገንጠያ | መጥፋት |
| ኔትወርክ | የተሻለ ዕድል | ደካማ | መካከለኛ | ደካማ |
| እርዳታ መግባት | ይከብዳል፣ ግን ትታያላችሁ | ይከብዳል፣ አትሰሙም | ይቀላል | በጣም ይከብዳል |
| የሚከለክለው ሁኔታ | ነጎድጓድ | ከላይ በኩል የዘነበ ዝናብ | በቅርቡ የሄደበት ሰው አለመኖር | መሪ አለመኖር |

## በየትኛውም መንገድ የማይቀሩ

የደረቀ ዛፍ ለመውደቅ ነፋስ አይጠብቅም። በተለይ እሳት ያለፈበት ጫካ ውስጥ ሥሩ ተቃጥሎ ግንዱ ብቻ የቆመ ዛፍ አለ። ለማረፍ ስትቀመጡ፣ ድንኳን ስትተክሉ፣ መጀመሪያ ወደ ላይ ቀና በሉ።

ብርድ ውርጭ አይፈልግም። 10 ዲግሪ ላይ የረጠበና ነፋስ የሚመታው ሰው ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ምላስ መተሳሰር፣ መደነቃቀፍ ካያችሁ ጉዞው እዚያው ይቁም። እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ ከመሬቱም ለዩት።

እሳት ዳገት ይወዳል። ቁልቁለቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይ የሚወጣበት ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል። ጭስ ከታች ካያችሁ ወደ ላይ እየሮጣችሁ አታመልጡትም። ወደ ጎን ሂዱና ከአቅጣጫው ውጡ፤ የተቃጠለ ወይም ባዶ መሬት ፈልጉ።

እባብ ከነደፈ አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ ሰውየው በተቻለ መጠን ሳይንቀሳቀስ ወደ ሕክምና ይወሰድ። መዥገርን ደግሞ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። በእሳት መለብለብ፣ ቅባት መቀባት የለም።

## በኪስ ልክ

ገንዘብ ካጠራችሁ ፊሽካ፣ የወረቀት ካርታ፣ ኮምፓስና የግንባር ባትሪ ቅድሚያ ይሰጣቸው። ፊሽካ ከጩኸት ይርቃል፣ ጉሮሮም አያደክምም። በሰሜን አሜሪካ ሦስት ጊዜ መንፋት የእርዳታ ጥሪ ነው፤ በአልፕስ ተራሮችና በብሪታንያ በደቂቃ ስድስት ጊዜ። ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን እወቁ።

ስልክ ካላችሁ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግም። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጋችሁ እንኳ የት እንዳላችሁ ያሳያል፤ ባትሪም ትቆጥባላችሁ። ጥቅጥቅ ባለ ጫካና በጠባብ ሸለቆ ግን ነጥቡ ሊዘል ይችላል። ወረቀቱን አትተዉት።

ትንሽ ጨመር ማድረግ ለሚችል ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ቢኮን ነው፤ ኮስፓስ-ሳርሳት በተባለው ዓለም አቀፍ የሳተላይት ሥርዓት በ406 ሜጋኸርዝ የእርዳታ ጥሪ ይልካል። ወርሃዊ ክፍያ የለውም፤ ግን መልእክት አይቀበልም፣ መመዝገብም አለበት። ሌላው የሳተላይት መልእክት መላላኪያ ነው። «ደህና ነኝ፣ ዘግይቻለሁ» ማለት ያስችላል፤ በአብዛኛው ግን ወርሃዊ ክፍያ አለው። ዓመት ውስጥ አንዴ ሁለቴ ለሚሄድ ሰው ቢኮኑ ይበቃዋል። ቤት የሚጨነቅ ሰው ላለው መላላኪያው ይሻላል።

## ለማን የቱ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ፦ በቅርቡ ሰው የሄደበት የመኪና መንገድ፣ በሄዱበት መመለስ።

ልጅ ወይም አዛውንት ይዞ ለሚሄድ፦ በደረቅ ወቅት ወንዝ ዳር፣ ግን እስከ መጀመሪያው መሻገሪያ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ያለው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ብቻውን ለሚሄድ፦ ሸንተረር፣ ሰማዩ ከጠራ። ብቻችሁን ስትሆኑ ፈላጊ የሚያገኛችሁ ዕድል ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ላይ ነው።

ጊዜ ላጠረው፦ አቋራጭ አይደለም፤ አጭር ጉዞ። ለጉዞው በሙሉ ያላችሁን ሰዓት ለሁለት ክፈሉና ግማሹ ሲሞላ የትም ብትሆኑ ዙሩ። ጫፉ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ቢሆንም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ዝናብ ባለበት ወቅት ለሚሄድ፦ ሸንተረር በጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ ደመና ሳይከማች መውረድ። ወንዝ ዳሩን ሙሉ በሙሉ ሰርዙት።

የቱንም ብትመርጡ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ለሚቀር አንድ ሰው ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት፦ የያዛችሁት መንገድ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ የጃኬታችሁ ቀለም፣ የምትመለሱበት ሰዓት፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ለማን እንደሚደውል። መንገዱን መሃል ላይ እንዳትቀይሩ ታዲያ። የሚፈልጋችሁ ሰው የሚሄደው ወረቀቱ ላይ በጻፋችሁት ነው።